ስምንተኛው ሺህና የእድራችን ድንኳን

እኔ ምጽአትን የምጠላ ሰው አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ አለዚያ ነገ ጎረቤላ ላይ «እሳቸውማ ጌታ እንዲመጣ አይፈልጉም አሉ» እየተባለ ስሜ ይነሣል። ሰባውን ከተሻገርኩ ቆይቻለሁ፤ ጉልበቴ ይንቋቋል፤ የአንኮበርን ዳገት በከዘራ ተደግፌ፣ መሀል ላይ ዐርፌ ነው የምወጣው። ጌታ ቢመጣ ከእኔ ቀድሞ እልል የሚል ማን አለ? እኔን ያንገሸገሹኝ ቀን ቆራጮቹ ናቸው።

ድሮ ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ከጤናው ቀጥሎ የሚጠያየቀው ስለ ገብሱ ነበር። አሸተ ወይ? ውርጭ መታው ወይ? አሁን ገና «እግዜር ይመስገን» ብዬ ሳልጨርስ «ምልክቶቹን እያዩ ነው?» ይሉኛል። የምን ምልክት? መብራት ከጠፋ ምልክት ነው። ዘይት ከተወደደ ምልክት ነው። ሚያዝያ ላይ በረዶ ከጣለ ምልክት ነው፤ ካልጣለ ደግሞ የባሰ ምልክት ነው። ጭላዳ ከገደሉ ወጥቶ ማሳ የገባ ዕለት አንዷ ጎረቤቴ ራእይ ዮሐንስን ታነሣለች። እመቤቴ፣ ጭላዳው ማሳ የገባው እረኛሽ ተኝቶ ነው!

እንግዲህ በኛ በኦርቶዶክሶቹ በኩል ያለውን ላስቀድም፤ የራስን ጉድ ሸፍኖ ሰው ማማት ነውር ነው። «ስምንተኛው ሺህ» የማይል አፍ አለ? ልጅ አባቱን ቀና ብሎ ካየ ስምንተኛው ሺህ፤ ሴት ልጅ ሱሪ ከለበሰች ስምንተኛው ሺህ፤ የጤፍ ዋጋ ሲነገር ስምንተኛው ሺህ። እኔ ደግሞ በልጅነቴ የኔታ ባሕረ ሐሳብ ስላስቆጠሩኝ፣ ኋላም ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ሳስተምር ስለኖርኩ፣ ቁጥር ሲበላሽ ያመኛል። እስቲ አብረን እንቁጠር። አበው ለአዳም የተሰጠውን የአምስት ቀን ተኩል ተስፋ፣ አንዱን ቀን ሺህ ዓመት አድርገው፣ ከፍጥረት እስከ ልደተ ክርስቶስ 5,500 ዓመት ይላሉ። በዚያ ላይ የዘንድሮውን 2018 ጨምሩ፤ 7,518። ለአራት ስትገድፉት ሁለት ይተርፋል፤ ዘመነ ማርቆስ። እዚህ ድረስ ጠብ የለንም። ታዲያ ሰባተኛው ሺህ ያለቀው መቼ ነው? በ1500 ዓ.ም.! ስምንተኛው ሺህ የገባው ዐፄ ልብነ ድንግል ገና በልጅነታቸው ዙፋን ላይ በወጡ ሰሞን ነው። ዘንድሮ 518ኛ ዓመቱን ይዟል፤ ሊያልቅ ደግሞ 482 ዓመት ይቀረዋል። «ስምንተኛው ሺህ ደረሰ» እያላችሁ የምታስደነግጡኝ ሰዎች፣ ደረሰ አይባልም፤ ተጋምሷል ነው የሚባለው።

የልብነ ድንግል ዘመን ሰዎችስ ቢፈሩ አይፈረድባቸውም። ሺሁ በገባ በሃያ ዓመቱ ግድም ሽምብራ ኩሬ ላይ ንጉሡ ድል ሆኑ፤ ከዚያ በኋላ ሸዋ ነደደች፤ ደብረ ሊባኖስም አልተረፈችም። እንዲህ ያለውን ያየ ሰው «አለቀ» ቢል ምን ይደንቃል። ሩሲያውያንም ቢሆኑ ቁጥራቸው ከኛ ጥቂት ስለሚቀድም በ1492 እ.ኤ.አ. ሰባት ሺሁ ሞላ ብለው የፋሲካ መቁጠሪያቸውን እዚያው ላይ አቁመውት ነበር። ዓመቱ ሹልክ ብሎ አለፈ። ጳጳሳቱም እርሳስ፣ ይቅርታ ብርዕ፣ አንሥተው ለሚቀጥለው ፋሲካ መቁጠር ግድ ሆነባቸው። ፆም የሚፈታበትን ቀን ሳያውቅ የሚጾም ሕዝብ ምን እንደሚያደርጋቸው ያውቁታላ!

አንኮበር ደግሞ የትንቢት ቀጠሮ ምን እንደሚያስከፍል በራሷ ላይ አይታዋለች። በፍካሬ ኢየሱስ መሠረት በመጨረሻው ዘመን ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ከወደ ምሥራቅ ተነሥቶ ሰላምና ጥጋብ ያመጣል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ቋረኛው ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሡ ስሙን ለራሳቸው ወሰዱት፤ ምሥራቁንማ ከቋራ ማምጣት አልቻሉም። ዓመት ሳይሞላ ጦራቸውን ይዘው ሸዋ ገቡ፤ በዚያው ሰሞን የኛው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ታመው ዐረፉ፤ የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጅ ምኒልክ ተይዞ ወደ መቅደላ ተወሰደ። የሰላሙ ንጉሥ ለአንኮበር ያደረሰው ገጸ በረከት ይኸው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስን እወዳቸዋለሁ፤ በጀግንነታቸው ላይ ነገር የለኝም። ነገሬ «ትንቢቱ ደረሰ» ብሎ ካጨበጨበው ጋር ነው። የዚያ ሰው የልጅ ልጅ ደግሞ ዛሬ ዩቲዩብ ከፍቶ «ያ አልነበረም፣ እውነተኛው ቴዎድሮስ ገና ነው፣ ሰብስክራይብ አድርጉ» ይለኛል። በ2005 ዓ.ም. ግድም ደግሞ ሌሎች ተነሥተው «ኤልያስ መጥቷል» አሉን። መጥቶስ ምን አለ? «ኦርቶዶክስ» የሚለው ስም ይቅር አለ። ከሰማይ ድረስ በእሳት ሠረገላ የሄደ ነብይ ተመልሶ ሲመጣ ከስም ማስተካከያ የተሻለ ጉዳይ ያጣል?

በ1880ዎቹ መጀመሪያ ክፉ ቀን መጣ፤ ከብቱ አለቀ፣ ሰው አለቀ፣ «ይኸው» ተባለ። በ1911 የኅዳር በሽታ መጣ፤ ቀባሪ ታጣ፣ «ይኸው» ተባለ። በ1953 ግንቦት ሊያልቅ ሲል ምድር ተናወጠ፤ ማጀቴ እንዳለች ፈረሰች፣ ካራ ቆሬም ግማሽ ሊሞላ ምንም ያህል ያልቀረው ቤቷ ወደቀ። ያን እኔም በልጅነቴ አስታውሰዋለሁ። የቤታችን ምሰሶ ሲንቀጠቀጥ፣ እናቴ የጠላ ጋኗን በሁለት እጇ አቅፋ «መጣ! መጣ!» ትል ነበር። ጌታ ቢመጣ ጋኑን ምን ልታደርገው እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም፤ ግን አልለቀቀችውም። በ2017ም ከአፋፋችን ሥር፣ አዋሽ ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ ምድር ወራት ስትናጥ ከርማ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተነሣ። ያን ሰሞን የምልክት ተርጓሚ ሁሉ ገበያው ደራ። እኔ ግን ያስተማርኳቸውን ልጆች ጠርቼ፣ ወገኖቼ፣ አንኮበር የተቀመጠችው ስምጥ ሸለቆ አፋፍ ላይ ነው፤ ያ ሜዳ ከዚህ ተራራ እየተላቀቀ የሄደ ነው፤ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴም ዘመን፣ በ1830ዎቹ፣ ይህችኑ አንኮበርን እንዲሁ አናውጧታል፤ ከአፋፉ ቁልቁል ላየ ሰው ተርጓሚ አያስፈልገውም አልኳቸው። አንዱ «የኔታ፣ እርስዎ እምነትዎ ቀዝቅዟል» አለኝ። የቀዘቀዘው እምነቴ አይደለም፣ እግሬ ነው፤ ያም የአንኮበር ብርድ ነው።

የፋይዳ መታወቂያም ሌላ ጣጣ አመጣብኝ። አሥሩን ጣት ያነሣል፣ የዓይን ብሌን ያነሣል፣ 12 አሃዝ ይሰጣል። ጎረቤቴ፣ ያችው የጭላዳዋ፣ «የአውሬው ቁጥር ነው» ብላ እምቢ አለች። ቁጥሬን አምጥቼ መነጽሬን አድርጌ ፊቷ ፈለግሁላት፤ ሦስት ስድስት ተከታትሎ የለም። «ተደብቆ ነው» አለች። ባንክ ቤቱ ያለሱ አናስተናግድም ሲላት ግን የልጇን ሐዋላ ለመቀበል ከሁሉ ቀድማ ተሰለፈች። አውሬውም ሐዋላ ይዞ ሲመጣ እንደ እንግዳ ይታያል መሰለኝ።

ወደ ሌላው ወገን ልሻገር። የእህቴ ልጅ ደብረ ብርሃን ነው የሚሠራው። ጴንጤ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል፤ እናቱ አልቅሳ ወጥቶላታል፣ እኔም ተቆጥቼ ወጥቶልኛል፣ አሁን በሰላም ነን። የተባረከ ልጅ ነው፤ ስኳርና ቡና ሳይዝ ደጄን አይረግጥም። ችግሩ ከስኳሩ ጋር ሥዕል ይዞ መምጣቱ ነው። ስልኩን ይከፍትና ከዳር እስከ ዳር የተሰመረ መስመር፣ በላዩም ሰባት ክበብ ያሳየኛል። «ጋሼ፣ እግዚአብሔር ከሰው ጋር የሠራባቸውና የሚሠራባቸው ሰባት ዘመናት አሉ» ይላል። የየዋህነት፣ የሕሊና፣ የሰው አስተዳደር፣ የተስፋ ቃል፣ የሕግ፣ የጸጋ፣ የመንግሥት ዘመን። አሁን ስድስተኛው ላይ ነን፤ እሱ ሊያልቅ ሲል ቤተ ክርስቲያን በድንገት ትነጠቃለች፤ የቀረው ሰው ሰባት ዓመት መከራ ያያል፤ ሐሳዊ መሲሕ ይሠለጥናል፤ ከዚያ ጌታ በግልጽ መጥቶ በኢየሩሳሌም ሺህ ዓመት ይነግሣል።

«ቆይ» አልኩት፤ «ስንት ጊዜ ነው የሚመጣው?»

«አንዴ አየር ላይ፣ ለቤተ ክርስቲያን፤ አንዴ ደግሞ ምድር ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያን ጋር።»

«ይህ ሁለት ነው።»

«አይ ጋሼ፣ አንድ ሆኖ በሁለት ደረጃ ነው።»

ተማሪ እንዲህ ያለ መልስ ሲሰጠኝ ቀይ እስክሪብቶ ነበር የማነሣው። የኛ መምህራን ምጽአቱ አንድ ነው፣ ትንሣኤውም ፍርዱም በዚያው ነው ብለው ይዘጉታል። ልጁን ያናደደው ግን የኔ አለመስማማት አልነበረም። ከገዛ ወገኑ መካነ ኢየሱሶቹ፣ ሉተራውያን ናቸውና፣ ይህን ሥዕል ግድግዳቸው ላይ አይሰቅሉትም። መስመሩን ተቀበልን ያሉት ደግሞ እርስ በርስ ሦስት ቦታ ተከፍለዋል። አንዱ መነጠቁ ከመከራው በፊት ነው ይላል፤ አንዱ መሀል ላይ ነው ይላል፤ ሦስተኛው መከራውን ጨርሰን ነው ይላል። የኛም አያቶች እዚሁ አንኮበር ላይ ልደቱ ሁለት ነው ሦስት ነው ሲባባሉ ኖረው፣ ነገሩ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ በንጉሥ ፊት ነው የተቆረጠው። ስለዚህ በመከፋፈሉ በማንም አልስቅም፤ ተረኛው ማን እንደሆነ ብቻ ነው የማየው።

«ይህ ከሐዋርያት ጀምሮ ያለ ትምህርት ነው» ሲለኝ ግን አላሳለፍኩትም። የሥዕሉን መሠረት የጣለው ጆን ኔልሰን ዳርቢ የሚባል፣ በአየርላንድ ካህን የነበረ ሰው ነው፤ ዘመኑም 1830ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ እዚህ ሣህለ ሥላሴ ግብር በሚያበሉበት ጊዜ ነው። ከአንኮበር ቤተ መንግሥት የሚበልጥ ዕድሜ የለውም ማለት ነው። ከዚያ ሳይረስ ስኮፊልድ የሚባል አሜሪካዊ፣ ጠበቃ የነበረ፣ በ1909 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ቅዱሱን ከራሱ የግርጌ ማብራሪያ ጋር አሳተመው። ማብራሪያው ከቃሉ ጋር በአንድ ገጽ ስለተቀመጠ፣ አንባቢው የቱ ጳውሎስ የቱ ስኮፊልድ እንደሆነ መለየት አቃተው። የጠበቃ ነገር! ወደኛ አገር ደግሞ በ1920 ዓ.ም. ግድም ወደ ደቡብ የገቡት የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች የዚህን ወገን ትምህርት ይዘው መጡ። የኛም አንድምታ ትርጓሜን ከቃሉ ጋር ያስቀምጣል፤ ግን አንድ ፍቺ ይሰጥና «አንድም» ብሎ ሌላ በር ይከፍትልሃል፤ ከዚያም ሦስተኛ። የእህቴ ልጅ ሥዕል ላይ አንድም በር የለም፤ መስመር ብቻ ነው።

በዚያ በዳርቢ ዘመን ፈረንጁ ሁሉ ቀን ይቆርጥ ነበር። ክራፍ የሚባለው ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ አንኮበር የደረሰው በ1831 ዓ.ም. ነው። የተወለደባት የቩርተምበርግ ታላቅ ሊቅ፣ ቤንገል፣ ቁጥር ቆጥሮ ነገሩ በ1836 እ.ኤ.አ. ይሆናል ብሎ ነበር። ክራፍ ታዲያ እዚህ ሲደርስ ቀጠሮው ካለፈ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ሰውየው ቁጭ ብሎ ሰማይ አላየም፤ መጽሐፍ ያድላል፣ ኦሮምኛ ያጠናል፣ ወንጌል ይተረጉማል። በሃይማኖት ባንገጥምም በዚህ አመሰግነዋለሁ። ዊልያም ሚለር የሚባል አሜሪካዊ ገበሬ ተከታዮች ግን ጥቅምት 22 ቀን 1844 እ.ኤ.አ. ጌታ ይመጣል ብለው ተቀመጡ። ከመሀላቸው አንዱ ድንቹን ሳይቆፍር ተወው ይባላል፤ ጌታ እየመጣ ማን ድንች ይቆፍራል ብሎ። ቀኑ አለፈ፣ አለቀሱ፤ የዛሬ አድቬንቲስቶች ከዚያ ኀዘን ነው የወጡት። በዚያ ዓመት ቀድሞ የተቆፈረው የጎረቤት ድንች ሁሉ በበሽታ በሰበሰ፤ የሰውየው ግን አፈር ውስጥ ደኅና ቆይቶ በውድ ዋጋ ተሸጠ ይላሉ። ይህን ታሪክ ለእህቴ ልጅ በመናገሬ ተቆጭቻለሁ፤ ወዲያው «አዩ ጋሼ፣ እምነት አያከስርም!» አለኝ።

እንግዲህ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ዘንድሮ አንድ የደቡብ አፍሪካ ሰባኪ መነጠቁ መስከረም 13 ወይም 14 ነው ብሎ ዓለሙን በስልክ አዳረሰው። መኪናውን የሸጠ ሁሉ ነበር ተባለ። የእህቴ ልጅ ራሱ «ቀን መቁረጥ ስሕተት ነው» እያለ ይከራከር ነበር፤ በ12ኛው ቀን ማታ ግን ደወለልኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንዲያው ጋሼ፣ ይቅር በሉኝ ለማለት ነው» አለ። ይቅር አልኩት። «ለደመራ ትመጣለህ አይደል?» ስለው ዝም አለ። በ16ኛው ቀን ደመራው ሲለኮስ ከአጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ስለ ቀጠሮው አላነሣም፣ እኔም አላነሣሁበትም። ማንሣቱን ለክረምት አቆይቼዋለሁ።

ይልቅ ያለፈው ክረምት የሆነውን ስሙ። እኔ ዘንድ አድሮ ነበር። ሌሊቱን ስለ መለከቱ ሲያስረዳኝ አመሸ፤ መለከት ይነፋል፣ በቅጽበት እንለወጣለን፣ ዝግጁ የሆነ ብቻ ይሄዳል። ሊነጋጋ ሲል፣ ጉሙ እጅ እንኳ በማያሳይበት ሰዓት፣ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ከቤቴ ጀርባ ባለው ጉብታ ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ ለቀቀው። ልጁ ከአልጋ ተስፈንጥሮ ዝተቱን እንደተከናነበ መሀል ቤት ቆመ። ከዚያ «ሱሪዬ! ሱሪዬ የት አለ?» አለ። እኔ ተጋድሜ እያየሁት ነው። ለመነጠቅ ሱሪ ምን ያደርጋል? ጡሩምባ ነፊው ቀጠለና የሟቹን ስም ጠርቶ «መቃብር ቆፋሪ ቶሎ ውጣ!» ሲል ልጁ ቁጭ አለ። ሱሪው ሲገኝ አካፋ ሰጥቼው ለቀብር ሰደድኩት። ደኅና ቆፈረ አሉ።

የድንኳኑን ነገር ሳልናገር ብቀር ግን የእድር ዳኝነቴ ምን ሊረባኝ ነው። ድንኳናችን በደርግ ጊዜ የተገዛ ነው። ሸራው ተበሳስቷል፤ ባለፈው ነሐሴ ለቀስተኛው ሟቹን ረስቶ የገዛ ራሱን መደረቅ ያዘ። አዲስ ይገዛ ብዬ ጉባኤ ጠራሁ። ገንዘብ ያዡ ተነሣ፤ በበጎ ዘመንም ከሣጥኑ ሳንቲም የማይወጣለት ሰው ነው። «ወገኖቼ፣ ዘመኑን እናስተውል፤ በዚህ በመጨረሻው ሰዓት ለድንኳን ይህን ሁሉ ብር ማፍሰስ ተገቢ ነው ወይ?» አለ። ጉባኤው ተንሾካሾከ። ሌላው ተነሥቶ «እንዲያውም ወርኃዊ መዋጮው ለጊዜው ይቁም» አለ፤ ይህ ሰው የስድስት ወር መዋጮ ያልከፈለ ነው። አዲስ አበባ ልጅ ያለው አንዱ «ልጄ እንደሚለኝ ነገሩ ዘንድሮን አይሻገርም» አለ። ከኋላ ደግሞ አንዱ «እኛ ከሄድን ድንኳኑ ለቀሩት ይሆናል፣ ለነሱም ቢሆን ርኅራኄ ነው» ብሎ ደገፈኝ፤ እንዲህ ያለ ድጋፍ እግዜር አያምጣ። እንዲህ ሲካረሩ ቀኑ መሸ። በመጨረሻ አንዲት ባልቴት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። «ጌታ እስኪመጣ ዝናቡ ማንን ይጠብቅ?» አሉና ቁጭ አሉ።

እኔም ከዚህ የተሻለ ስለማልናገር «ድንኳኑ ይገዛ፤ መዋጮውም እስከ ምጽአት ይቀጥል» ብዬ ወሰንኩ። ጸሐፊያችን ቃል የማይጥል ሰው ነውና እንዳልኩት መዘገበው። አሁን የእድራችን ቃለ ጉባኤ ላይ፣ ማኅተም ተደርጎበት፣ መዋጮ እስከ ምጽአት እንደሚቀጥል ተጽፎ ይገኛል። ስድስት ወር ያልከፈለው ሰውዬ ይግባኝ እላለሁ ብሏል።

ይህን ሁሉ በፌዝ የማወራው የሳቅ ነገር ብቻ ሆኖ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ፣ ሻካሆላ በሚባል ጫካ፣ ጌታን በቶሎ ለማግኘት ጹሙ ተብለው ምግብ የተከለከሉ ሰዎች ሬሳ ሲወጣ ከ400 በላይ ሆነ። ሕፃናት ነበሩበት። የዚያን ሰሞን ሬዲዮ ዘግቼ ነው የከረምኩት። ሰው ቀን ሲቆረጥለት መጀመሪያ የሚተወው ሥራውን ነው፤ ቀጥሎ ዕዳውን፣ ቀጥሎ ልጁን። የተሰሎንቄ ሰዎችም ያኔውኑ ይህ ለክፏቸው ሥራ ፈትተው ሰው ቤት ለቤት ሲዞሩ፣ ቅዱስ ጳውሎስ መሥራት ያልወደደ አይብላ ብሎ ቆረጠ። መነጠቁን ከአንደኛው መልእክት አንብቦ ሁለተኛውን ሳይገልጥ የሚተኛው ሰው ብዛቱ!

የኛ ቤተ ክርስቲያን ነገሩን የት እንዳስቀመጠችው ተመልከቱ። ዐቢይ ጾም ሲጋመስ፣ በአምስተኛው ሰንበት፣ ደብረ ዘይት ተብሎ ማቴዎስ 24 ይነበባል፤ ዳግም ምጽአቱ ይታሰባል። ቀኑንም ሰዓቱንም ከአብ በቀር የሚያውቅ እንደሌለ በዚያው ምዕራፍ ባለቤቱ ራሱ ተናግሯል። ሰው ያን ዕለት ይሰማል፣ ይፈራል፣ ሰኞ ወደ እርሻው ይሄዳል፤ ጾሙ ገና ነውና ሽሮውን ይበላል። አንድ ቀን ካህኑ ሲያስተምሩ «ቅርብ ነው» አሉ፤ አምናለሁ። ያስተማሩኝ የኔታም «ቅርብ ነው» ብለውኝ ነው የሞቱት፤ አምኛቸዋለሁ። ቅርብ ነው ያለኝን ሁሉ አምናለሁ። ማክሰኞ ነው ያለኝን ነው የማላምነው።

ደግሞ ማክሰኞ ነው የሚለው ሰው ሁሉ ለረቡዕ ያሰበው ነገር አለው። አዋሳኜ ዐቻምና ለዘር ብሎ አንድ ኩንታል ገብስ ወስዶብኛል። አምና ልጠይቀው ብሄድ ሰማዩን አየት አድርጎ «የዓለም መጨረሻ ደርሶ እርስዎ ስለ ገብስ ይጨነቃሉ?» አለኝ። ከንፈሬን መጥጬ ተመለስኩ። ሐምሌ ላይ ባልፍ ድንበራችን ላይ ባሕር ዛፍ ሲተክል አገኘሁት፤ ችግኙ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። አጣና እስኪወጣው እንኳ ስንት ክረምት ነው? «ለማን ነው?» ብለው «ለልጆቼ» አለኝ፣ ሳያፍር። እንግዲያው ገብሱንም ለልጅ ልጆቼ ይመልስልኝ፤ ታኅሣሥ ሲወቃ ጆንያውን ራሴ ይዤ ነው የምሄደው። ችግኙን ደግሞ የተከለው ከድንበሬ አንድ እርምጃ ገብቶ ነው፤ ይህንን ለምጽአት አላቆየውም፣ ሽማግሌ ልኬበታለሁ።